በስውር ስለሚያብጠው የደም ሥርና በድምፅ ስለ መመርመሩ

ሰው መታመሙን የሚያስታውቀው ሥቃይ ነው። ሥቃይ የሚጠላ ቢሆንም መልእክተኛ ስለ ሆነ፤ ብዙ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በእርሱ ቀስቃሽነት ነው። ነገር ግን መልእክተኛ ሳይልክ የሚመጣ ደዌ አለ፤ ይኸውም ሐኪሞች አዎርታ የሚሉት ታላቁ የደም ሥር በሆድ ውስጥ እያበጠ የሚሄድበት ደዌ ነው።

ይህ ሥር ከልብ ተነሥቶ በአከርካሪው ፊት ለፊት ይወርድና በእምብርት አጠገብ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይሄዳል። በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው በዕድሜ ብዛት፤ በትምባሆ፤ በደም ግፊትም ሲደክም ቀስ በቀስ ይነፋል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በሽታ ይባላል። ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ይበላል፤ ይሠራል፤ ቅዳሴ ያስቀድሳል። ከፈነዳባቸው ሰዎች የሚበዙት ይሞታሉ፤ ብዙዎቹም ከሆስፒታል ሳይደርሱ ነው።

በሊቅነቱ ዓለም ያወቀው አልበርት አይንሽታይን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በኒው ዮርክ ሆዱ ተከፍቶ ሲታይ ይኸው ሥር አብጦ ተገኘ። ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰንም በሴሎፋን ጠቀለለለት፤ በዚያን ጊዜ ከዚህ የሚሻል ብዙ መላ አልነበረምና። በ1955 ሥሩ በፈነዳ ጊዜ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢቀርብለት እንቢ ብሎ በፕሪንስተን ሞተ።

ዛሬ ይህን የተሠወረ ነገር ሆድ ሳይከፈት የሚያሳየው ለሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ ነው። አልትራሳውንድ የተባለው መሣሪያ ድምፁን ወደ ሆድ ይልካል፤ ድምፁም እንደ ገደል ማሚቶ ከየብልቱ ሲመለስ፤ መሣሪያው የተመለሰበትን ጊዜ ቆጥሮ ሥዕል ያወጣል። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልንጀሮቹ ጋር በ1958 ስለዚህ አሠራር ጽሑፍ አወጣ፤ አስቀድሞ የሞከረበትም መሣሪያ በፋብሪካ የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ የተሠራ ነበር። ከሚሮጥ ደም የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ ቃናው ይለወጣል። ይህን ሕግ የኦስትሪያው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ያስታወቀው ስለ ከዋክብት ብርሃን ሲጽፍ ነበር፤ አሁን ግን ደም በየሥሩ የሚሄድበት ፍጥነት ይለካበታል። አየር ለዚህ ድምፅ እንቅፋት ስለ ሆነ፤ የሆድ የደም ሥሮች በሚመረመሩበት በብዙ ስፍራ ሰውየው ጥቂት ሰዓት ሳይበላ እንዲመጣ ይነገረዋል፤ ጾም የለመደ ሰው በዚህ አይቸገርም።

መሣሪያ መኖሩ ብቻ ግን ሰው አያድንም። በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 74 የሆኑ 67,800 ያህል ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፤ እኩሌቶቹ ለምርመራ ተጠሩ፤ እኩሌቶቹ አልተጠሩም። በ2002 ውጤቱ ሲታተም፤ ካልተጠሩት 113፤ ከተጠሩት 65 ሰዎች በዚህ ደዌ ሞተው ተገኙ። ልዩነቱን ያመጣው በየስሙ የተላከው ደብዳቤና ከደብዳቤው በኋላ የተሰናዳው ሕክምና ነው። ከ2009 ጀምሮ በዚያ አገር 65 ዓመት የሚሞላው ወንድ ሁሉ እንዲጠራ ተወሰነ። የተገኘበትም ሁሉ ወዲያው አይቀደድም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደጋ ስላለበት፤ ከ5.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነው በየጊዜው እየተለካ ይጠበቃል።

እንግሊዞች ያደረጉትን እንዳለ መቅዳት ለሁሉ አገር ይስማማል ለማለት አይቻልም። የደም ሥር የሚጠግን ሐኪም በሌለበት በሽታውን ብቻ መንገር ለሰውየው ፍርሃት ማትረፍ ነው፤ ስለዚህ የሕክምና ሹማምንት መሣሪያ ሲገዙ የሚያነበውንና የሚጠግነውንም ሰው አብረው ማሰናዳት ይገባቸዋል። በአገራችን አልትራሳውንድ ይበልጥ የታወቀው በማኅፀን ያለውን ሕፃን በማሳየቱ ነው። ነገር ግን ትምባሆ ያጤስ የነበረ፤ ወይም አባቱና ወንድሙ በዚህ ደዌ የተያዙበት ሽማግሌ ለኩላሊቱ ወይም ለሐሞቱ ሊመረመር በተኛ ጊዜ፤ መርማሪው እጁን ወደ መካከል መልሶ ታላቁን ሥር ቢለካለት የሚጨምርበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።