አዳራሻችን ለምን ተቆልፎ ይከርማል?



ቀነኒሳ በቀለ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ49.60 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን የሰበረው የት ነበር? እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ከተማ፣ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው። የሰበረውም ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1999 እዚያው ያስመዘገበውን ሰዓት ነበር። ሳሙኤል ተፈራም በ2019 የ1,500 ሜትርን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚሁ ቤት ነው። እንግዲህ ቤቱ የእንግሊዞች ቢሆንም ታሪኩ በከፊል የኛም ነው ማለት ነው።

አዳራሹ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከሥሩ የባቡር ሐዲድ ያልፋል። ሩጫ ሲኖር ዙሩ 200 ሜትር የሆነ መም ይነጠፍበታል፤ ውድድሩ ሲያልቅ መሙ ይነሳል። ሌላ ጊዜ እዚያው ወለል ላይ ባድሜንተን ይጫወቱበታል፣ ጂምናስቲክ ይሠሩበታል፣ ሙዚቃም ያሰሙበታል። አንዱ ቤት የብዙ ቤት ሥራ ይሠራል።

«ታዲያ ይሄ ከደብረ ብርሃን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። አዳራሽ ብቻውን ሯጭ እንደማይወልድ እኔም አውቃለሁ። ኃይሌና ቀነኒሳ የአርሲ ሜዳና አቀበት ልጆች ናቸው። ነገር ግን የኛን አገር ብርድ የምታውቁት ናችሁ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ውርጩ አያስወጣም። ልጆቻችን የት ይሂዱ? ፑል ቤት? ጫት መቃሚያ?

የመሰብሰቢያ አዳራሻችን ግን ስብሰባ ባለቀ ቁጥር ይቆለፋል። «ወንበር ይሰበራል፣ መስታወት ይረግፋል» የሚለው ሥጋት ከንቱ አይደለም። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ወንበሩ ተደራርቦ ጥግ ይያዝ፣ ኳስ ይቅርና ፒንግ ፖንግ፣ ገመድ ዝላይና ጂምናስቲክ ይፈቀድ፣ ወላጆችም በየተራ ይጠብቁ። ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ገመድና የሰው ፈቃድ ይበቃል።

ስለዚህ አዳራሹ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ለልጆች እንዲከፈት በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋግረን እንወስን እላለሁ። ከተፈቀደ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቁልፉን ይዤ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ለሁለተኛው ቅዳሜ ማን አለ?