ከነገሌ ወዴት ይወሰዱ?

እናቱ የመርሳት ሕመም ይዟቸው «የትኛው መጦሪያ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ የነገሌ ቦረና ሰው የሚያማርጠው ነገር የለውም። በነገሌም ሆነ በያቤሎ፣ በሞያሌም ሆነ በአዶላ ለዚህ ሕመም ተብሎ የተከፈተ መኖሪያ የለም። የቤተሰቡ ምክር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሦስት ነገር ላይ ነው፤ ሠራተኛ ቀጥሮ እቤት ማቆየት፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ወዳለው ልጅ መላክ፣ አለዚያም በቴሌቪዥን ስሙ የገነነ የመርጃ ማዕከል ደጅ መጥናት። ብዙ ጊዜ ሚዛን የሚደፋው ሁለተኛው ነው። «አዲስ አበባ ሐኪም አለ» ይባላል፤ ልብሳቸው በሻንጣ ይገባል፤ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ ይጀመራል። ያ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ግን ቁጭ ብሎ መምከር ይገባል፤ የሚሄዱት እናት ከመንገዱ ማዶ የሚያገኙት ሐኪም ቢሆንም፣ የሚያጡት ደግሞ እስካሁን አቁሟቸው የነበረውን ሁሉ ሊሆን ይችላልና።

የነገሌ አረጋውያን እነማን ናቸው? ከተማዋ የወታደር ከተማ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. የአራተኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው ያመፁት፣ ሊያነጋግሯቸው የሄዱትንም ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ ያስገደዱት እዚሁ ነው። የየካቲቱ አብዮት ታሪክ ሲነገር ከዚህ አመፅ ይጀመራል። በዚያ ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ወታደር ዛሬ ሰባን ተሻግሯል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ በግዳጅ መጥቶ፣ ከአካባቢው አግብቶ፣ ወልዶና ጡረታ ወጥቶ የቀረ አለ። ከእርሱ ጎን ከብት ሲያረቡ ኖረው በስተርጅና ልጆቻቸውን ተከትለው ከተማ የገቡ የቦረናና የጉጂ ሽማግሌዎች አሉ። የሶማሌ ነጋዴዎችም፣ የጉራጌ ባለ ሱቆችም አሉ። የነገሌ ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቋንቋ ይናገራል።

የመርሳት ሕመም ቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ነው። የትናንት እራት፣ የዛሬ ጠዋት እንግዳ፣ የልጅ ልጅ ስም ይሄዳል፤ የወጣትነቱ ዘመን ግን ይቆያል። ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች ላይ ደግሞ በኋላ የተለመደው ቋንቋ ቀድሞ ሲሸሽ፣ የእናት አፍ ቋንቋ ሲቀር በብዙ አገር ሐኪሞች ታይቷል። አርባ ዓመት ገበያ ላይ በአማርኛ ሲሸጡ ሲገዙ የኖሩ የቦረና እናት አንድ ቀን ኦሮምኛቸው ብቻ ሊቀራቸው ይችላል። የጎጃሙ አሥር አለቃም ሚስታቸውን ያጩበትን ኦሮምኛ ረስተው ከገዛ ልጆቻቸው ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። እኚህን የቦረና እናት አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ረዳቶች ወዳሉበት የአዲስ አበባ ግቢ ወሰድናቸው እንበል። ሌሊት ነቅተው «ቢሻን» ቢሉ ውኃ መጠየቃቸውን የሚረዳ የለም። ደግመው ይሉታል፣ ይጮኻሉ፣ ይነሣሉ። ጠዋት መዝገቡ ላይ «ሌሊት ይረብሻሉ» ተብሎ ይጻፋል። ያልታከመው ግን ጥማቸው ነው።

ስለ መጦሪያ ከመነጋገር በፊት ደግሞ ሕመሙ በእርግጥ የመርሳት ሕመም መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። «ጃጅተዋል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ሳይመረመር እንዲቀር አድርጓል። በቆላው ሙቀት በቂ ውኃ ያልጠጡ፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን የያዛቸው አዛውንት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሰው መለየት ሊያቅታቸው ይችላል። ይህ ድንገተኛ መቃዠት ነው፤ በጊዜ ሲታከምም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዳከም፣ ድብርት፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ በኋላ ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ ተደራርበው የሚወሰዱ መድኃኒቶችም የመርሳት ሕመም ይመስላሉ። እውነተኛው የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት እያዘገመ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ፣ ከእነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ እንደሚገኙ ይገልጻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ነገሌ ሆስፒታል ይሁን። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሽንትና የደም ምርመራ እዚያ ይጀመር። የነርቭ ሐኪም ካስፈለገ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ለመመርመር መሄድና ለመኖር መሄድ የተለያዩ ናቸው።

ለመኖር መሄድ ከባድ ነው። የሰፈራቸውን ስም እንኳ የረሱ እናት እጃቸው ጀበናው የት እንደሚቀመጥ፣ እግራቸው ሌሊት መጸዳጃው በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል። ቦታው ሲለወጥ ይህ የእጅና የእግር ዕውቀት በአንድ ቀን ዋጋ ያጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና ይህን በጅምላ አይቷል። ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ቤተሰቦች ዱብሉቅን በመሰሉ የተፈናቃዮች መጠለያዎች ሰፈሩ። ጉድጓዱንና የግጦሹን ወሰን በስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች አንዱን ድንኳን ከሌላው ወደማይለዩበት ሜዳ ገቡ። አእምሯቸው መድከም የጀመረ አረጋዊ እዚያ መሐል ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩ ለቦረና ተጨማሪ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት በሰው ትውስታ ላይ የቆመ ነው። አባ ገዳው በየስምንት ዓመቱ ይለወጣል፤ በየስምንት ዓመቱም በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉ በቃል ይነገራል፣ ይመረመራል። የቀደሙት አባ ገዳዎች ስም ወደ ኋላ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በሽማግሌዎች አንደበት ይዘልቃል። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚረሳ ሽማግሌ የሚያጣው ጤናውን ብቻ አይደለም፤ ከሰው ፊት የሚቆምበትንም ያጣል። ቤተሰብም አፍሮ ይደብቀዋል። ሸንጎ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላው ሲናገር ቢሰማ ማንን ይጎዳል? የኋላውን ዘመን ሲጠይቁት ደግሞ ገና ብዙ የሚናገረው አለ።

አሁን ስላሉት ማዕከላት። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በቢንያም በለጠ ተጀምሮ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያኖር፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚል መፈክሩ አገር ያወቀው ተቋም ነው። በሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የተመሠረተው ሜሪ ጆይ ደግሞ ለነገሌ ሰው ቀረብ በሚለው ሐዋሳ የአረጋውያን ማዕከል አለው። ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል። ሆኖም መቄዶንያ በዋነኛነት የተቋቋመው ጎዳና ላይ ለወደቀ፣ ጧሪ ቀባሪ ለሌለው ሰው ነው። አምስት ልጅ ያላቸው እናት እዚያ ቢገቡ የሚይዙት አልጋ አንድም ልጅ የሌለው ሰው ሊያገኘው የነበረውን ነው። ይህን ለሐሜት ሳይሆን ለውሳኔ እንዲረዳ መናገር ያስፈልጋል።

ጧሪው ጠፍቶ ወይም ጉልበቱ አልቆ ቦታ መፈለግ ግድ ሲሆንስ? ያኔ ግቢውን ጠዋት፣ እንግዳ በሚጠበቅበት ሰዓት ማየት ብቻውን አይበቃም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይኬድ፤ ብዙ ሕመምተኞች የሚጨነቁት፣ «ቤቴ ልሂድ» የሚሉት በዚያ ሰዓት ነውና። ሌሊት ስንት ረዳት እንደሚያድር፣ ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ የእናትየውን ቋንቋ እንደሚችል ይጠየቅ። አልጋ ላይ የሚታሰር ሰው አለ? ሴቶችን የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው? በእጅ የሚደርስ ውኃ በየአልጋው አጠገብ ይታያል? ወተት ለምዶ ያደገ ሰው ወተት ያገኛል? የሚጾመው ጾሙን፣ የሚሰግደው ሶላቱን የሚያስታውሰው አለው? ቤተሰብ ሳያስታውቅ መምጣት ይችላል? ከሁሉም በላይ «ሲረበሹ ምን ትሰጧቸዋላችሁ?» ተብሎ የመድኃኒቱ ስም ይጻፍ። ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 አስጠንቅቋል። ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዝበት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ሠራተኛ ስላነሰ በየማታው መስጠት ግን ሕክምና አይባልም።

እቤት ማቆየትም እንዲሁ በቃል የሚያልፍ አይደለም። ሸክሙ የሚወድቀው ምራት ወይም ሴት ልጅ ላይ፣ ቀጥሎም ከገጠር በመጣች አንዲት ልጅ ላይ ነው። ያቺ ልጅ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሌሊት ደግሞ ከአያት ጋር ትነሣለች። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ የሁለት ሰው ደመወዝ ወይም ሁለት ሰው ይፈልጋል። የከሰል ምድጃው ከእጃቸው ይራቅ። የግቢው በር ይጠገን። የነገሌ ዳር ሜዳና ቁጥቋጦ ነው፤ በቀትር ውኃ ሳይዝ የወጣ አረጋዊ ሩቅ ሳይሄድ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ስልክ ቁጥር ነጠላቸው ጠርዝ ላይ ይሰፋ፤ ለጎረቤት፣ ለባጃጅ ነጂዎች፣ ለቀበሌው «እማማ ብቻቸውን ከታዩ ደውሉልን» ይባል። ይህን መናገር የቤተሰብ ገመና ማውጣት አይደለም። እድሩም ድንኳኑንና ወንበሩን ለቀብር ብቻ ከሚያስቀምጥ፣ አስታማሚዋ በሳምንት ግማሽ ቀን እንድታርፍ ተረኛ ቢመድብ የአባሉን ዕድሜ ያራዝማል።

አንድ በዝምታ የሚታለፍ ነገርም አለ፤ ቤቱ። እናት «ለሕክምና» ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የነገሌው ቤት የሚሸጥበት ጊዜ አለ። መፈረማቸውን የማያውቁ ሰው ጣት ቀለም ነክቶ ወረቀት ላይ ማረፍ የለበትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አእምሮው የታወከን ሰው ፍርድ ቤት በፍርድ እንዲከለክለውና ንብረቱን የሚጠብቅ ሞግዚት እንዲሾምለት መንገድ አበጅቷል። መንገዱ ረጅም ቢመስልም፣ ነገ ወንድማማቾችን ከመካሰስ ያድናል። ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ እናት ሐሳባቸውን መግለጽ በሚችሉበት ጊዜ፣ የት መኖር እንደሚፈልጉ በሽማግሌዎች ፊት ቢጠየቁ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። እስካሁን ብዙ የቤተሰብ ጉባኤ ያልጠየቀው እሳቸውን ነው።

እዚሁ መጦሪያ ይከፈት ቢባል፣ ለደቡብ ቆላ ከተሞች የሚስማማው ትልቅ ሕንፃ አይመስልም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሕጉ በአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ እስከ ስድስት፣ በቅርቡ ደግሞ በልዩ ፈቃድ እስከ ስምንት አረጋውያንን መጦር ይፈቅዳል። በሲያትልና በአካባቢዋ እንዲህ ያሉትን ቤቶች ከሚያስተዳድሩት መካከል ኢትዮጵያውያን አሉበት። የሌላ አገር እናቶችን እያጠቡ፣ እየመገቡ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እየሰጡ ሥራውን ተምረውታል፤ መንግሥትም ይቆጣጠራቸዋል። ነገሌ ውስጥ ጥላ ያለው ግቢ፣ አምስት ስድስት አልጋ፣ አንድ ነርስ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሌኛ የሚናገሩ የከተማዋ ሴቶች ያሉበት ቤት ቢከፈት፣ ልጆቻቸው ማታ ከሥራ ሲወጡ በእግራቸው ደርሰው ያይዋቸዋል። ቀን ብቻ ውለው ማታ ወደ ቤታቸው ለሚመለሱትም እዚያው ቦታ ይኖራል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። የዞኑ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቤት የፈቃድና የቁጥጥር መመሪያ ቢያወጣ፣ የጤና ቢሮው ነርሶችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በመርሳት ሕመም ላይ ቢያሠለጥን፣ የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለልምምድ ቢልክ ሥራው ሊጀመር ይችላል። ኪራዩን በውጭም በአገር ውስጥም ያሉ የነገሌ ልጆች በጋራ ቢሸፍኑት፣ ያ ገንዘብ እናቶቻቸውን ለማጓጓዝና በሰው አገር ለማኖር ከሚያወጡት ላይ የሚነሣ ነው።