ከፍለን የማንመርጥባት መንደር

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። ተናዷል። የቤቱን የውጭ በር ቀይ ቀለም ቀብቶ ነበር፤ ከሚኖርበት መንደር ማኅበር ደብዳቤ መጣበት። ወይ አስፈቅድ፣ ወይ ወደ ነበረበት መልስ የሚል። «ሠላሳ ዓመት የምከፍለው ዕዳ ተሸክሜ በገዛሁት ቤት፣ በር ለመቀባት ፈቃድ? ከቀበሌ ሸሽቼ መጥቼ ቀበሌ ገባሁ እኮ!» አለኝ።

አዘንኩለት። ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ባለፈው ኤፕሪል በመንደርህ ምርጫ ድምፅ ሰጠህ?»

«የምን ምርጫ?» አለኝ።

ይህን የምጽፈው በዚህ መልስ ምክንያት ነው።

ወንድማችን የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ኮሎምቢያ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ29 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ሲነዱ ይደረሳል። የኛ ሰው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ዓይኑን የሚጥለው ወደዚያ ነው። አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ላስረዳ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጄምስ ራውስ የሚባል ባለሀብት ማን እንደሚገዛ ሳይታወቅ የገበሬዎችን መሬት በየቁራሹ ገዛና በ1963 ዕቅዱን ይፋ አደረገ። መሬቱ የሃዋርድ ካውንቲ አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። የመጀመሪያዋ መንደር ዋይልድ ሌክ በ1967 ተከፈተች። ዛሬ መንደሮቹ 10 ናቸው፤ ነዋሪው ከ100 ሺህ በላይ ነው። የፖስታ ሳጥን እንኳ በየደጃፉ ሳይሆን ባንድ ቦታ ተሰባስቦ ነው የተተከለው፤ ጎረቤት ደብዳቤውን ሊወስድ ሲወጣ ጎረቤቱን እንዲያገኝ። በቤት ሽያጭ ዘር መለየትን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ራውስ ግን ሕጉን ሳይጠብቅ ለጥቁሩም ለነጩም ሸጠ። እኛ ያንን በር ተከፍቶ ነው ያገኘነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኮሎምቢያ በሕግ ከተማ አይደለችም። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤት የላትም። መናፈሻውን፣ ሐይቆቹንና የእግር መንገዱን የሚያስተዳድረው የኮሎምቢያ ማኅበር ነው፤ ለዚህም ከየቤቱ ዓመታዊ ክፍያ ይሰበስባል። ስሌቱ ከቤቱ ግምት ግማሽ ላይ በየ100 ዶላሩ 68 ሳንቲም ነው። 500 ሺህ ዶላር የተገመተ ቤት በግርድፉ 1,700 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። በየዓመቱ! አልከፍልም ቢሉ ዕዳው ቤቱ ላይ ይጻፋል።

ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስነው ቦርድ ከየመንደሩ በተመረጡ ሰዎች ነው የሚቆመው። የመንደሩም ቦርድ በምርጫ ነው የሚቆመው። ደንቡ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ አንዱ ጋ ድምፁ በቤተሰብ ነው፣ ሌላው ጋ በነፍስ ወከፍ። ግን የትም ቢሆን ዜግነት አይጠየቅም። ግሪን ካርድ የያዘ፣ ቤት የተከራየም ይመርጣል። ለፕሬዚዳንት መምረጥ ለማይችል ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው? ወንበሮቹ ግን ብዙ ጊዜ ተፎካካሪ ጠፍቶ ነው የሚሞሉት።

«ሥራ ይበዛብናል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሁለት ፈረቃ የሚሠራው ሰው ግን ለለቅሶ ሲሆን በሌሊት ይደርሳል። የእድር ስብሰባ ሲቀር መቀጮውን ሳይከራከር ይከፍላል። እኛ ሰዎች ስብሰባ አናውቅም ካልን ማን ያውቃል? ችግሩ ጊዜ ማጣት አይደለም። እድሩን «የኔ» እንላለን፣ መንደሩን «የፈረንጆቹ»።

እንግዲህ የሚቀርብን የበር ቀለም ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። እያንዳንዱ መንደር በእግር የሚደረስ የገበያ ማዕከል እንዲኖረው ነበር የታሰበው። የዋይልድ ሌክ ትልቁ የምግብ መደብር በ2006 ተዘጋ፤ ማዕከሉም ኋላ ፈርሶ ተሠራ። የሎንግ ሪች ማዕከል ተዳክሞ ካውንቲው በ2014 ገዛው። ይህ ለማን ነው የሚከብደው? መኪና ለሚነዳው አይደለም። የልጅ ልጅ ልታሳድግ ከአዲስ አበባ ለመጣችው እናታችን ነው። እንግሊዝኛ አትችልም፣ መኪና አትነዳም። ሕፃኑን በጋሪ እየገፋች፣ ዛፍ ለዛፍ፣ ዋናውን መንገድ ሳትሻገር ሽንኩርት ገዝታ የምትመለስባት መንገድ አለች። ከ90 ማይል በላይ የእግር መንገድ ተዘርግቷል፤ ግን መጨረሻው ላይ ሱቅ ከሌለ እማማ ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶባት ልጆቿ ከሥራ እስኪመለሱ ትጠብቃለች። ይህ ማዕከል ፈርሶ ምን ይሠራበት ሲባል የነዋሪውን ድምፅ ይዞ ካውንቲው ፊት የሚቀርበው የመንደሩ ቦርድ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሷን ቀን የሚያውቅ ሰው የለም።

ማኅበራቱ ንጹሕ ናቸው እያልኩ አይደለም። ደብዳቤያቸው ለጠበቃ የተጻፈ ይመስላል፤ ምርጫውንም ነዋሪው በሚሰማው መንገድ አይለፉትም። ይህን ስብሰባ ላይ ተነስቶ መናገር ይቻላል። በስልክ ለኔ መናገር ግን ምንም አይለውጥም።

ወንድማችን የቀለሙን ማመልከቻ አስገብቷል። ማመልከቻውን የሚያዩት ደመወዝ የማይከፈላቸው የመንደሩ ነዋሪዎች ናቸው። ኮሚቴው ሰው እንደሚፈልግ ቢሮው ሲሄድ ነግረውታል። «ታዲያ ግባበት» አልኩት።

«እስቲ ባለቤቴን ላማክር» አለኝ።