ምስሉ ጡንቻውን አሳይቷል፤ ሪፖርቱ ግን ዝም ብሏል

የክሮንስ በሽታ ያለበት ሰው በሕይወቱ ደጋግሞ ሲቲ ስካን ይነሳል። ሐኪሞቹ በምስሉ የሚፈልጉት አንጀቱ የት እንደጠበበ፣ የት እንደቆሰለ፣ መግል ቋጥሮ እንደሆነ ነው። በዚያው ምስል ላይ ግን የወገብና የሆድ ጡንቻው፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ፣ በሆድ ዕቃው ዙሪያ የተከማቸው ስብም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሪፖርቱ ስለ እነዚህ ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር እንኳ አይጽፍም።

ልኬቱ ከባድ ሆኖ አይደለም። በ3ኛው የወገብ አጥንት ትይዩ ያለው አንድ ምስል ይወሰዳል። የጡንቻው ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ይለካና ለቁመት ካሬ ይካፈላል። ሲቲው ከተነሳ ተጨማሪ ጨረር የለም፣ ተጨማሪ መርፌም የለም። ሁሉም ጥናቶች ባይስማሙም፣ በርካቶቹ ጡንቻው የሳሳ ታማሚ ለቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ አግኝተውታል።

ሚዛን ይህን አይናገርም። ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰደ ሰው ፊቱ ሞልቶ ሆዱ ሲገፋ «ተሻለህ፣ ወፈርክ» ይባላል። መድኃኒቱና በሽታው ተባብረው ጡንቻውን እየበሉት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ልኬቱ የዕጣ ፈንታ መጽሐፍ ሲደረግ ነው። «ይህ ታማሚ አንጀቱ ይቆረጣል» ብሎ ተንብዮ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሕክምና ሳይሆን ጥንቆላ ነው። ደግሞስ የጡንቻው መሳሳት የቀዶ ሕክምናው ምክንያት ነው ወይስ የበሽታው መክፋት ምልክት? አብዛኞቹ ጥናቶች ያለፉ መዝገቦችን ያገላበጡ ስለሆኑ ይህን አይለዩም።

መለኪያውም ተውሶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ቁጥሮች፣ ለወንድ 52.4፣ ለሴት 38.5፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከታተመ የካናዳ ጥናት የመጡ ናቸው። የተጠኑት ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ የካንሰር ታማሚዎች ነበሩ። በዚህ ቁጥር የ25 ዓመት የክሮንስ ታማሚን መፍረድ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ማልበስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። እዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ክሮንስን ከአንጀት ቲቢ መለየት አለበት፤ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ያከሳሉ።

ታዲያ ልኬቱ ይጣል? በፍጹም! ትንቢት መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሁን። ጡንቻው የሳሳ ታማሚ ሲገኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይጠራ፣ ስቴሮይዱ በሐኪም ክትትል ይቀነስ፣ ፕሮቲኑ ይታሰብለት። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያም የተጎዳ ታማሚ ቀዶ ሕክምናው የሚቆይ ከሆነ ከ7 እስከ 14 ቀን በደንብ እንዲመገብ ይመክራል። አንጀቱ የተዘጋ ወይም የተበሳ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ የጡንቻው ቁጥር ቀዶ ሕክምና መከልከያ መሆን የለበትም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እዚህ የደበቀው ታማሚው አይደለም። እሱ ከኪሱ ከፍሎ ተነስቷል፣ ሁሉንም አሳይቷል። የቀረው፣ ያየው ባለሙያ አንድ መስመር ጽፎ፣ ያነበበው ሐኪም አንድ ሳህን ምግብ እንዲያዝለት ነው።