መጀመሪያ ለሰንበቴ ገበያተኛ፣ ከዚያ ለቱሪስት

የአውሮፓ በጋ በገባ ቁጥር ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገጽ በአንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላል። ቀይ ባቡር፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሰፊ መስኮት። ከሥሩ ደግሞ አንድ ዓይነት አስተያየት ይደረደራል፤ «እኛ አገር እንዲህ ያለው መቼ ይሆን?»

ጥያቄው የዋህ ነው። መልሱ ግን ያናድዳል። ተራራው አለ። ሐዲዱም ተነጥፏል። የጠፋው ባቡሩ ነው።

ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሉ ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ዋጋውም 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ «ተጠናቀቀ» ከተባለ ዓመታት ተቆጥረዋል። መጀመሪያ «ኤሌክትሪክ አልደረሰም» ተባለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻንም ሸዋሮቢትንም አዳረሰ፤ የመስመሩ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። ያ ሳይጠገን ሌላ ግጭት መጣ። መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት እስካሁን አልተጀመረም። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ሐዲዱን እንደ አጥር እያየው ይኖራል።

ይህን ቆላ የሚያውቅ ሰው የስዊዘርላንድ ፎቶ አያስቀናውም። ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው በግራ በኩል ከአንኮበር እስከ ጣርማበርና መንዝ የተገተረው ገደል እንደ ግንብ ይቆማል። በቀኝ የአፋር ሜዳ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። መሐሉ ይፋት ነው፤ የሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ፣ የጀውሃ ወንዝ፣ ወደ ከሚሴ ሲጠጉ የጨፋ ረግረግ ከነወፎቹ። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት የበለጸገው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣውን የሲራራ ንግድ ይዞ ነበር። ይህ አገር መንገድ የሆነው ዛሬ አይደለም።

ክርክሩ የሚጣመመው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «እንዲህ ያለ ውበት ስላለ የቱሪስት ባቡር ይሁን፣ ዶላር ያምጣ» ይላል። ሌላው «በተራበና በተጣላ አገር የባቡር ሽርሽር ቅንጦት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ያንን ፎቶ ያዩታል እንጂ ፎቶውን ያነሣው ሰው እንዴት እንደ ከፈለ አይጠይቁም። ቁም ነገሩ ያለው ግን አከፋፈሉ ላይ ነው።

በአውሮፓ ብዙ አገሮችን በአንድ ትኬት የሚያዞሩ ሁለት የባቡር ፓሶች አሉ። ዩሬል እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀመረ፤ የተዘጋጀው ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው ነው። ኢንተርሬል እ.ኤ.አ. በ1972 ተከተለ፤ እሱ ለአውሮፓ ዜጋና ነዋሪ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ዩሬል ይገዛል። የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ፍራንክፈርት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዝም የሚገዛው ኢንተርሬል ነው፤ በሚኖርበት አገር ውስጥም ፓሱ የሚያገለግለው ለአንድ መውጫና ለአንድ መመለሻ ጉዞ ብቻ ነው። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት በአንድ ወር ውስጥ የተወሰኑ የጉዞ ቀናት ይሰጣል፤ ለምሳሌ 4 ወይም 7። ቀኖቹን ባለቤቱ ይመርጣል፤ በአንድ የጉዞ ቀንም የፈለገውን ያህል ባቡር ይቀያይራል። ዕድሜው ከ28 በታች የሆነ እስከ 25 በመቶ ይቀነስለታል። 60 የሞላው 10 በመቶ ያገኛል። ፓሱ ግን ቪዛ አይደለም። የወንበር ማስያዣም በብዙ ፈጣንና የሌሊት ባቡሮች ለብቻው ይከፈላል።

ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተውም እዚሁ ማስያዣ ላይ ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው የበርኒና ኤክስፕረስ ፓስ ለያዘ ሰውም ተጨማሪ የማስያዣ ክፍያ ይጠይቃል። ነገር ግን በዚያው ሐዲድ ላይ፣ በዚያው ተራራ ሥር፣ ማስያዣ የማይጠይቅ ተራ ባቡር ይመላለሳል። መስኮቱ ትንሽ ያንሳል፤ ተራራው ግን ያው ነው። በዚያ ባቡር የሚሳፈረው የመንደሩ ተማሪና ሠራተኛ ነው። ለቱሪስቱ የሚሸጠው ውበት ለነዋሪው በየቀኑ በሚሄድ ባቡር ላይ የተደረበ ትርፍ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ትኬትን በግማሽ ዋጋ የሚያስገዛውን ካርድ የያዙት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ጎብኚ አይደሉም፤ የአገሩ ነዋሪ ናቸው።

«ጃፓንስ? እሷ ቅናሹን የምትሰጠው ለውጭ ጎብኚ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የጃፓን የባቡር ፓስ ለአጭር ጊዜ ጎብኚዎች ታስቦ የተሠራ ነው። ግን ቅደም ተከተሉ ይታይ። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ የጎብኚው ፓስ የመጣው በ1981 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ባቡሩ የአገሩን ሰው አመላልሷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ደግሞ የሰባት ቀኑ ፓስ ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ሲዘል ባቡሩ ባዶውን አልቀረም፤ የሚሞላው በጎብኚ አልነበረምና።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የቅናሽ ፓስ ምጽዋት አይደለም፤ ውል ነው። መንገደኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰጣል። ባቡሩ ደግሞ በተባለው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ ቃል ይገባል። ቃል የማይጠብቅ ባቡር ርካሽ ትኬት ሊሸጥ ይችላል፤ ፓስ ግን ሊሸጥ አይችልም። ነገ መኖሩን ለማያውቀው ባቡር የወር ሒሳብ ቀድሞ የሚከፍል ሰው የለም።

ርካሽና ቅናሽ አንድ አለመሆናቸውን አዲስ አበባ አሳይታለች። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሕዝቡ ተደሰተ፣ ፉርጎው ሞላ። ነገር ግን ከትኬት የሚገኘው ገንዘብ ወጪውን አይሸፍንም ነበር። መለዋወጫ ጠፋ፤ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ። ለሁሉም ሰው ከወጪ በታች መሸጥ ድሃን መርዳት ይመስላል። መጨረሻው ግን ድሃውን ታክሲ ሰልፍ ላይ መመለስ ነው። ፓስ ግን ዘወትር የሚመላለሰውን ለይቶ ይቀንስለታል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣውን በሙሉ ዋጋ ያስከፍላል። የመስኮት ውበት ፈልጎ የመጣውን ደግሞ ጨምሮ ያስከፍላል።

እንግዲህ ይህ ስሌት ወደ ይፋት ይምጣ። የሸዋሮቢት ሰው አዲስ አበባ ለመድረስ ባቡር አያሻውም፤ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን የሚወጣው አስፋልት ያቀርበዋል፣ ሐዲዱ ግን በአዋሽ ያዞረዋል። ይህ ሳይሸሸግ ሊነገር ይገባል። የባቡሩ ጥቅም ሌላ ነው። ቆላውን ከቆላው ያገናኛል፤ ሸዋሮቢትን ከከሚሴና ከኮምቦልቻ፣ በአዋሽ በኩል ደግሞ ከአዳማና ከድሬዳዋ። ሽንኩርት ቀን አይጠብቅም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ዋጋውን የሚቆርጠው መኪና ያለው ደላላ ነው። እሑድ በሰንበቴ ገበያ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛል። ለዚህ ገበያተኛ ወርሃዊ ትኬት ማለት ዕቃውን ይዞ ደርሶ የመመለስ ዋስትና ነው።

ይህ ሲነሣ ሦስት መልሶች ይደረደራሉ።

አንደኛው «ኤሌክትሪክ የለም» ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ የእርዳታ እህል በናፍጣ ባቡር ተጓጉዞበታል። ኬንያ ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደውን ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የምታስኬደው በናፍጣ ነው። ጻቮ ፓርክን አቋርጦ ስለሚያልፍ ዝሆን በመስኮት የሚያይ ቱሪስት ይሳፈርበታል፤ ከፈጣኑ ሌላ በየመካከለኛው ጣቢያ እየቆመ የአካባቢውን ሰው የሚጭን ባቡርም አለ። ናፍጣ ውድ ነው፤ እውነት። ቆሞ የሚዝግ ሐዲድ ግን ከናፍጣ ይወደዳል።

ሁለተኛው «ገንዘብ የለም» ነው። የዚህ መስመር ብድር ባቡሩ ቢሄድም ባይሄድም ዕዳ ነው። ታንዛንያ ከዚሁ ከያፒ መርከዚ ጋር ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ የኢትዮጵያ ውል ከተፈረመ ከአምስት ዓመት በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2024 የኤሌክትሪክ ባቡሯ ከዳሬሰላም ዶዶማ ሰው ማመላለስ ጀመረ። ኩባንያው ያው ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው ኮንትራክተሩ ላይ አይደለም፤ ኃይል፣ ሰላምና ገንዘብ በአንድ እቅድ ተያይዘው አለመምጣታቸው ነው።

ሦስተኛው «ጸጥታ የለም» ነው። ይህ ከሦስቱ ከባዱ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያየ ሰው በባዶ ተስፋ አይደለልም። ተኩስ ባለበት ባቡር ይሂድ ማለት እብደት ነው። ግን ሰላም እስኪመጣ ምንም አይታሰብ ማለትም ሌላ እብደት ነው። በሐዲዱ ዳር የሚኖር ሰው ሐዲዱን የሚጠብቀው የእሱ ሲሆን ነው። ልጁ ተምሮበት የማይመለስበትን፣ ሽንኩርቱን የማይጭንበትን ብረት ሌባ ሲፈታው ዘብ የሚቆምበት ምክንያት ምንድን ነው? የደንበኝነት ካርድ በኪሱ የያዘ ሰው ግን የባቡሩ ባለጉዳይ ነው።

ስለዚህ የሚመለከተው ሁሉ፣ ከኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ጀምሮ፣ አራት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፣ የመስመሩ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነና ጥገናው መቼ እንደሚያልቅ በይፋ ይነገር። ሁለተኛ፣ መንገዱ ሲፈቅድ የሚጀመረው የመጀመሪያው ባቡር በየጣቢያው የሚቆም የቀን ባቡር ይሁን፤ አንድ ብቻም ቢሆን፣ ሰዓቱን ግን የሚያከብር። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው የቅናሽ ፓስ በመስመሩ ዳር ለሚኖረው ሰው ይሰጥ፤ ከሁሉም በፊት መሬቱ ለሐዲዱ ለተወሰደበት ገበሬ፣ ቀጥሎ ለተማሪና ለገበያተኛ። አራተኛ፣ የቱሪስት ፉርጎ ከዚህ በኋላ ይቀጠል፤ ዋጋውም ሙሉ ይሁን፣ ገቢውም የነዋሪውን ቅናሽ ይደጉም።

ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ፣ ማለትም መጀመሪያ ሪባን ተቆርጦ፣ እንግዳ ተጭኖ፣ በድሮን ቪዲዮ ተቀርጾ፣ ነዋሪው በአጥር ወዲያ እጁን እንዲያውለበልብ ከተደረገ፣ የይፋት ሰው ባቡሩን እንደ ሁለተኛ ወሰን ያየዋል። የመጀመሪያው ማሳውን የወሰደበት ነበር።

ጎብኚ መምጣቱ አይቀርም፤ ያ ገደልና ያ ሜዳ ይጠሩታል። ሲመጣ ግን ባዶ ጣቢያ ላይ ሳይሆን ሽንኩርት የጫነ፣ ደብተር የያዘ፣ ፍየል የሚጎትት ሰው ባለበት ጣቢያ ላይ ይውረድ።