ጉልቻ ቢለዋወጥ ሳንባ ይድናልን?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ብሂል። ስለ ወጡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጭሱ ግን ብሂሉ ያለው ነገር የለም። እንደሚታወቀው አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ይሁን እንጂ የአየር ብክለት በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ፋብሪካዎችና ወደ አሮጌ መኪናዎች ነው። በእኛ እምነት ለብዙው ኢትዮጵያዊ ከሁሉ የከፋው ጭስ ያለው በገዛ ጣሪያው ሥር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃናቱን በዋነኛነት የሚቀጥፋቸው የሳንባ ምች ነው፤ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የሳንባ ካንሰር ይከተላሉ። በምድጃው አጠገብ ረጅሙን ሰዓት የምታሳልፈው እናት፣ ከእርሷም ጋር በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን በመሆናቸው፣ ዕዳው በቤተሰቡ አባላት ላይ እኩል አልተደለደለም።

ጭስ እንዲህ አደገኛ የሆነው ስለምን ነው? እንጨት በበቂ አየር ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል የሚተርፈው በአብዛኛው የውሃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አመድ በሆነ ነበር። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነደው እሳት ግን ቃጠሎው ያልተሟላ ስለሆነ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይለቃል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ቢነጻጸሩ ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አያክሉም። ስለዚህም የአፍንጫንና የጉሮሮን መከላከያ አልፈው እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃሉ። አንድ ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት በረጋ አየር ውስጥ በሰዓት የሚወርደው 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሁለት ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወለሉን ለመንካት ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። በመሆኑም እሳቱ ሲጠፋ ጭሱም አብሮ ይጠፋል ማለት አይቻልም፤ የቤቱ አየር ካልተለወጠ ቅንጣቱ በዚያው ተንሳፎ ይቆያል። የጤና ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የእነዚህ ቅንጣቶች የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አየር በማይዘዋወርባቸው ማብሰያ ቤቶች ግን መጠኑ ተቀባይነት ካለው መቶ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ይኸው ድርጅት ይገልጻል።

ከሰል ይሻላል የሚሉ አሉ። ጭሱ ስለማይታይ ብዙዎች ውጭ አቀጣጥለው፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ያስገቡታል። ይህ ግን ስሕተት ነው። በቀላው ፍም መካከል የሚያልፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጋለው ካርቦን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚተሳሰረውም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 28፣ የአየር አማካይ ደግሞ 29 ያህል በመሆኑ በክፍሉ ሁሉ ይሰራጫል። በአልጋ ላይ የተኛውም መሬት ላይ የተኛውም አያመልጡትም።

የተሻሻሉ ምድጃዎችስ? ምርጥና ላቀች የተባሉት ምድጃዎች ማገዶና ከሰል በመቆጠብ ረገድ የዋሉት ውለታ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ማገዶ መቆጠብና አየር ማጥራት አንድ አይደሉም። በጓቴማላ ደጋማ መንደሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት መጽሔት የታተመው የኪርክ ስሚዝና የባልደረቦቻቸው ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። የጭስ ማውጫ ያላቸው ምድጃዎች የሕፃናቱን ለጭስ መጋለጥ በግማሽ ቀንሰዋል። ከባድ የሳንባ ምች በሲሶ ገደማ ሲቀንስ፣ በጠቅላላው የሳንባ ምች ላይ ግን አስተማማኝ ለውጥ አልታየም። ከመቶ እጥፍ ወደ ሃምሳ እጥፍ መውረድ መልካም ቢሆንም ጤና ማለት አይደለም።

እንግዲህ ዘላቂው መፍትሔ እሳቱን ከቤት ማስወጣት ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኃይሉ ጥቅም ግን በሜጋዋት ብቻ ሳይሆን ጭስ በጠፋባቸው ማብሰያ ቤቶችም መለካት አለበት እንላለን። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 4 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ መቶ ቤተሰቦች በአንድ ማለዳ ቢጋግሩ 400 ኪሎዋት ይሆናል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይህን ካልቻለ መብራት ይጠፋል፤ መብራት የጠፋባት እናትም ወደ ከሰሏ ትመለሳለች። ስለዚህ ሙቀት የማያባክን ምጣድ መሥራትና የሰፈር መሥመሮችን ማጠናከር የጤና ሥራ ጭምር ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ማብሰያው ከመኝታው ይለይ፤ እንጨቱ በደንብ ይድረቅ። ሞቃት አየር ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል፤ በመሆኑም ከጣሪያው ሥር መውጫ፣ ከታች ደግሞ መግቢያ ይበጅለት። ጭስ የሣር ክዳንን ከምስጥ እንደሚጠብቅ እናውቃለን፤ የሕፃን ሳንባ ግን ከሣር ክዳን ይበልጣል። የከሰል ፍም ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማንም አይተኛ።

እኛ የፊዚክስ መምህራንም ነቀፋ አይቀርልንም። ተማሪዎቻችን የሩቅ ከዋክብትን ብርሃን ማስላት ሲችሉ፣ እናቶቻቸው የሚተነፍሱትን አየር ግን እንዲለኩ አላደረግንም። ደቃቅ ቅንጣት የሚለኩ አነስተኛ መሣሪያዎች ዛሬ በእጅ የሚያዙ ሆነዋል። የመመረቂያ ጥናት ርእስ የቸገረው ተማሪ ካለ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ማድቤት ይግባ። ብሂላችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላልና፣ ጉልቻውን ብቻ ሳይሆን እሳቱንም የምንለውጥበት ጊዜ አሁን ነው።