ጡሩምባ ነፊው እንኳ ማን እንደሞተ ይናገራል

የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱ ሰፈራችን ነዋሪዎች፤

ሰሞኑን በሰፈራችን የሆነውን ያልሰማ የለም። አንዲት እናታችን ከገበያ ሲመለሱ በስልካቸው የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ተቀምጦ አገኙ። «እማማ፣ ስለ ልጅዎ አስቸኳይ ጉዳይ ነበረኝ፣ ቶሎ ይደውሉልኝ» ይላል። ስም የለው፣ መሥሪያ ቤት የለው። ልጃቸው በጅቡቲ መንገድ የሚነዳ ሾፌር ነው። መልሰው ቢደውሉ ስልኩ ተይዟል። እናታችን እያለቀሱ ከቤት ወጡ፣ ጎረቤትም ተከትሎ ወጣ፣ ድንኳን ልንጥል ምንም አልቀረን። በመጨረሻ ስልኩ ሲነሳ ጉዳዩ ምን ሆኖ ተገኘ? የሕይወት መድን ሽያጭ!

እንዴ! ይህ ምን ዓይነት ንግድ ነው? የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ከደጃችን ይነሳል። ልጁን፣ ባሏን፣ ወንድሙን መንገድ ላይ ያሰማራ ቤት ብዙ ነው። «ስለ ልጅዎ» የሚል ቃል ለእኛ ጨዋታ አይደለም።

የእድር ጡሩምባ ነፊ እንኳ ሌሊት ሲለፍፍ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። መርዶ የሚያሰማው ሰው ጉዳዩን ካልደበቀ፣ መድን የሚሸጠው ስሙን የሚደብቀው ለምንድነው?

«ጉዳያችንን ከተናገርንማ ማንም መልሶ አይደውልልንም» ይሉናል። ታዲያ አለመደወል የሰው መብት አይደለም ወይ? ሰውን አስደንግጦ ማስደወል ግን ማታለል ነው፣ አጥብቀን እንቃወመዋለን።

መድንን አንጠላም። እድር ቀብር ያስፈጽማል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ የተቃጠለ ቤት ግን አይሠራም፣ የተገለበጠ መኪናም አይተካም። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከተቋቋመ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ፣ የግል ኩባንያዎችም በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከተፈቀዱ ወዲህ፣ መድን የገባ ብዙ ሰው ከውድቀት ተነስቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የሦስተኛ ወገን መድንን በባለመኪና ላይ ግዴታ ያደረገው ለተገጨው ሰው ታስቦ ነው። እኛን የሚያናድደን ይህ ነው። እናታችን ዛሬ «ኢንሹራንስ» የሚል ቃል መስማት አይፈልጉም። ነገር ግን ሾፌር ልጅ ካላቸው ከእሳቸው በላይ መድን የሚያስፈልገው ማን ነው?

የራሳችንንም ጥፋት አንደብቅም። ደዋዩ ስልካቸውን ከየት እንዳገኘ ሲጠየቅ «ከማኅበራችሁ ሰሌዳ» አለ። እውነቱን ነው። የወር መዋጮ ያልከፈሉትን ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው በዚሁ ሰሌዳ ለጥፈን አልፎ ሂያጁ ሁሉ ሲያነበው ከርሟል። ዝርዝሩን አንስተናል፤ እናታችንንም ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ከእንግዲህ የማንም ስልክ እዚህ አይለጠፍም።

መድን የምትሸጡ ሁሉ ይህን እወቁልን። መልእክት ስትተዉ ስማችሁን፣ ድርጅታችሁን፣ ለሽያጭ መደወላችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ። «አስቸኳይ» አትበሉ፣ የሰው ልጅ ስም አታንሱ። አንድ ጊዜ ተናግራችሁ መልስ ካጣችሁ ተዉት።

እናንተም ነዋሪዎች፣ በስልክ ለሰማችሁት ተስፋ ገንዘብ አትላኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1725 የመድን ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ወረቀቱን አስመጡ፣ ማንበብ ለሚከብዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፣ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ለዩ። ወኪል ነኝ ባዩንም የብሔራዊ ባንክ ፈቃዱን ጠይቁት። ሐቀኛ ሰው ቢጠየቅ አይቆጣም።

እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሁሉ ሳያጠፋው ለኮሚቴው ያሰማ። ለየድርጅቱ በደብዳቤ እናመለክታለን።

ስለ ኮሚቴው፣
የማኅበሩ ጸሐፊ